ዋጋ ያልተከራከረው የፈረስ ገዢ

«እናቴ፣ በሩን ክፈቺልኝ! ፈረሱን ልጭን ነው የመጣሁት!»

የቆርቆሮው በር ተንኳኳ... ደግሞ ተንኳኳ...

እታለም ስልኳን ጨብጣ ግቢው መሃል ቆማለች።

ውጪ የጭነት መኪና ሞተሩ እየሠራ ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ዳማ፣ የባሏ የጋሪ ፈረስ፣ የሚሆነውን ሳያውቅ ገብሱን ይቆረጥማል።

ነገሩ እንዲህ ነው...

የእታለም ባል ጋሪ ነጂ ነው። ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ሐኪሙ «ቀዶ ጥገናው ቶሎ ካልተደረገለት ዳግመኛ ቆሞ አይሄድም» ብሏቸዋል። በቤቱ ተሸጦ ለሕክምናው የሚበቃ ነገር ቢፈለግ ዳማ ብቻ ነው።

እታለም ፎቶውን አነሳችና የመሸጫ ገጽ ላይ ለጠፈችው።

ወዲያው አንድ «ኢንጂነር ነኝ» ያለ ሰው ደወለ። ፕሮፋይል ፎቶው ላይ ከረባት አስሯል። አንደበቱ ማር ነው።

«ያልሽውን ዋጋ እከፍላለሁ እናቴ። ባለቤትሽ ታሟል ስላልሽኝ እንዲያውም ጨመር አደርግልሻለሁ።»

እታለም አለቀሰች። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አለ እንዴ? አለች።

በማግስቱ ጠዋት ገንዘቡን ያስገባበትን የባንክ ደረሰኝ በፎቶ ላከላት። ስሟ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ምን የሌለው አለ? ቀጥሎ «ገንዘብ ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ገባ። መኪናውም ተከትሎ ደረሰ።

ግን የባንኩን አፕ ስትከፍት... ያው የትናንቱ ሂሳብ ነው። ምንም አልጨመረም።

ደወለችለት።

«ሲስተም ነው፣ ማታ ይታይሻል። አሁን ፈረሱን አስጭኚ።»

«ሲገባልኝ ላስጭነው ጌታዬ...»

ማሩ እዚያ ላይ አለቀ።

«ስሚ ሴትዮ! ገንዘቤን በልተሽ ፈረሱን ልትከለክይኝ ነው? ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ዛሬውኑ አሳስርሻለሁ! ያን ጊዜ ባልሽን ማን እንደሚያገላብጠው እናያለን!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

እታለም ደረሰኙን ደግማ አየችው። ደረሰኙ እውነት ቢሆንስ? እውነት ቢያሳስረኝስ?

በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ሹፌሩ በሩን የሚያክል ሰው ነው። እጁ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል...

«ልጄ! ፈረሱ አሁን ነው ገብስ የበላው!» ብላ ጮኸች። «በጥጋቡ ከተጫነ ቁርጠት ይዞት መንገድ ላይ ይሞትብሃል። ትንሽ ጠብቀኝ!»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ባሏ ቀና ለማለት እየታገለ ነበር።

«አንቺ፣ ሰውየው ዕድሜውን ጠይቆሻል?»

«የማንን?»

«የፈረሱን ነዋ! የእኔ ምን ያደርግለታል!»

«አልጠየቀኝም።»

«ይራገጣል ወይ? ያነክሳል ወይ አላለሽም?»

«አልጠየቀኝም።»

«ዋጋስ አልተከራከረሽም?»

«ኧረ እሱ ጨመረልኝ...»

ባሏ ትራሱ ላይ ተመልሶ ወደቀ። «ሳይከራከር ፈረስ የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዳትከፍቺ!»

በዚህ መሃል የሹፌሩ ስልክ ጮኸ። እታለም ወደ በሩ ተጠጋች። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ እስከ ግቢው ይሰማል... የኢንጂነሩ ድምፅ ነው!

«በሩን ገንጥለህ ግባ! ሌባ ናት አላልኩህም?»

ያ ግዙፍ ሹፌር ግን ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ጌታዬ፣ ባሏ ሽጉጥ አለው ብለኸኝ የለ? እኔ የልጆች አባት ነኝ!»

ለካ ብረቱን የጨበጠው እሱም ፈርቶ ነው!

ስልኩ እንደተዘጋ እታለም አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

«ልጄ፣ ባሌ እንኳን ሽጉጥ ሊይዝ፣ ከዘራ ይዞ መቆምም አልቻለም። ይልቅ እውነቱን ንገረኝ... ይሄ ሰው የመኪናህን ከፍሎሃል?»

ሹፌሩ ወደ ቀዳዳው ጠጋ አለ።

«ኧረ እኔ ነኝ ገንዘብ የላክሁለት» አለ። «የፈረሱን የኬላ ማለፊያ ወረቀት ላስወጣበት፣ ስታደርስ ከነኪራይህ እሰጥሃለሁ ብሎኝ...»

በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። ሹፌሩ ለሰውየው መልሶ ደወለና ስልኩን አቀበላት።

«ኢንጂነር፣ ይኸው በሩን ከፍቻለሁ። እንዳንሳሳት ብዬ ነው... የገዛኸው ፈረስ መልኩ ምንድን ነው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! ነጩ ነዋ! ነጩን አስጭኚ!»

እታለም ዞራ ፈረሷን አየችው። ዳማ እንደ ስሙ ዳማ፣ ቀይ ቡናማ ነው። በገላው ላይ አንድ ነጭ ፀጉር የለበትም።

«የእኔ ነጭ አይደለም» አለችው።

መስመሩ ተቋረጠ። ደግመው ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው።

ሹፌሩ ብረቱን ጥሎ «ተመስገን፣ ተረፍሽ!» አላት።

እታለም ግን ፊቷ አልተፈታም። «ነጩስ የማን ነው?» አለች።

የሆነ ቦታ፣ የሌላ ሰው በር እየተንኳኳ ነበር...

እዚያው መሸጫ ገጽ ላይ ጻፈች። «ነጭ ፈረስ የምትሸጡ፣ እንዳታስጭኑ! ደረሰኙ የውሸት ነው!»

ዳማ በኋላ ለሌላ ሰው ተሸጠ። አዲሱ ገዢ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ እግሩን አንድ በአንድ አነሳ፣ እስኪያማርራት ድረስ ተከራከራት። ባንክ አብረው ሄዱ። ገመዱን ያስረከበችው ገንዘቡ ሂሳቧ ውስጥ መግባቱን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ባሏም ዛሬ በከዘራ ይራመዳል።

እታለም ግን እስከ አሁን በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ያስደነገጣት በዚያው ቀን ከጽሑፏ ሥር የመጣው አንድ ኮሜንት ነው...

«እህቴ፣ ነጩ የእኔ ነበር። ጽሑፍሽን ያየሁት አስጭኜ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።»

ወገኖቼ... ደረሰኝ ገንዘብ አይደለም። የስልክ መልእክትም ገንዘብ አይደለም። ራሳችሁ ሂሳባችሁን ከፍታችሁ ካላያችሁት አልተከፈላችሁም! እውነተኛ ገዢ ይነዘንዛችኋል እንጂ አያጣድፋችሁም። ስትፈሩ ደግሞ ብቻችሁን አትፍሩ፣ ከበሩ ወዲያ ያለውንም ሰው አናግሩት።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተስ ደረሰኝ ብቻ አይታችሁ ንብረታችሁን አስረክባችሁ ታውቃላችሁ?

ጻፉት፣ አትፈሩ። በሩ እየተንኳኳበት ያለ ሰው አሁን ያነበው ይሆናል።