ከበረዶው ሥር አንድ ምት

«ሱኒቫ፣ እነዚያ የማይታዩ ልጆችሽ ዛሬስ ሰላም አሉሽ?» አለኝ የመርከባችን ወጥ ሠሪ ራግንቫልድ በሬዲዮ።

«ካንተ ይሻላሉ፤ ቢያንስ አይነዘንዙኝም» አልኩት።

ሬዲዮው ጸጥ ሲል በረዶው ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ እስከ ማታ ሌላ ድምፅ አልሰማም።

ሥራዬ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታትን በማይክሮስኮፕ መቅረጽ ነው። ክፍት ጠርሙስ በገመድ አስሬ በበረዶው ቀዳዳ መቶ ሜትር አወርዳለሁ። ከዚያ ከባድ የነሐስ ቀለበት በገመዱ ላይ እለቃለሁ። ቀለበቷ ወርዳ ስትመታው ጠርሙሱ ውሃውን እንደያዘ ይዘጋል፤ ምቷም እጄ ላይ ይሰማኛል። ያኔ እጎትታለሁ።

ዛሬም ምቱ ተሰማኝ፤ እንደ ልማዴ መጎተት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ዓይኔ እግሬ ሥር አረፈ። ቀለበቷ በረዶው ላይ ተቀምጣለች፤ ገና አልለቀቅኳትም።

መጎተቴን አቆምኩ። ገመዱ ግን መውጣቱን አላቆመም።