የቤተ መጻሕፍቱ መደቦች

ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ዶማ ተሸክመው በቤተ መጻሕፍቱ ግቢ በር ሲገቡ፣ መነን ቃሪያውን ውሃ እያጠጣች ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ታምሩ ከኋላቸው ተከትሎ ገባ።

“ይሄ ሁሉ ይነቀል!” አለ ጮክ ብሎ። “ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ የኅብረት ሱቁ መጋዘን ነው። አንባቢ የሌለው ቤት ምን ይሠራል?”

መነን ባልዲዋን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እሷ ናት። እውነትም ባለፈው ዓመት እዚህ የሚገባ ሰው አልነበረም። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የተማሩት የሲቀላ ሰፈር ሴቶች እንኳ በአጥሩ ጥግ አልፈው ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር፤ መጽሐፍ የሹማምንት ዕቃ ይመስላቸው ነበር። እሷ ግን የግቢውን ባዶ መሬት በመደብ በመደብ ከፋፍላ ለእነዚህ ሴቶች እንደ መጽሐፍ ማዋስ ጀመረች። ግዴታው አንድ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ቤት ገብቶ ማንበብ።

“አንባቢ አለ፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“የት? ጎመኑ ውስጥ?” ጥበቃዎቹ ሳቁ።

እማማ ጌጤ ከሽፈራው ዛፍ ሥር ካለው መደባቸው ቀና አሉ። ከዶርዜ ወርደው ሲቀላ የኖሩ፣ ጥጥ በመፍተል የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። “ልጆቼ፣ ዶማ ካመጣችሁ አይቀር ያንን ጥግ ቆፍሩልን። ድንጋዩ አስቸግሮናል” አሉ።

አንደኛው ጥበቃ ሳያስበው ወደ ጥጉ መራመድ ጀመረ። ታምሩ ሲገላምጠው ቆመ።

“ቁልፉን አምጪ” አለ ወደ መነን ዞሮ። “እምቢ ካልሽ ስብሰባ ላይ ትጠየቂያለሽ።”

ስብሰባ ላይ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ መነን ታውቃለች። ሆኖም ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

“ይኸው። ገብተው ይዩት። ባዶ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ይቆልፉት።”

በየመደባቸው የሚኮተኩቱት ሴቶች የተባባሉትን ሰምተዋል። መጀመሪያ ልክነሽ የምትባለው ጠላ ሻጭ መኮትኮቻዋን ጣለች። ሌሎቹም ተከተሏት። እግራቸውን ታጥበው አንድ በአንድ ገቡ፤ ታምሩ ከሁሉም ኋላ ገባ።

አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል። እያንዳንዷ መጽሐፏን ከመደርደሪያው አንሥታ ያቆመችበትን ገጽ ገለጠች። ልክነሽ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የተጻፈ ነገር በጣቷ እየተከተለች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

“ለታይታ ነው ይሄ” አለ ታምሩ፤ ድምፁ ግን እንደ ውጪው አልነበረም። ወደ እማማ ጌጤ ጎንበስ አለ። “እስቲ ያንብቡልኝ፤ ምን ይላል?”

“አታጣድፈኝ፣ ገና እየደረስኩበት ነው።” እማማ ጌጤ ዓይናቸውን አጥብበው የያዙት የተረት መጽሐፍ ላይ አቀረቀሩ። “ጅ… ቡም… በ… ሩን… አን… ኳ… ኳ።” ቀና አሉ። ፊታቸው በርቷል። “በል ቁጭ በል። እኔም ልቤ ተንጠልጥሏል።”

ጠጋ ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ሰጡት። ታምሩ ጥቂት ቆመ፤ መነንን አየ፤ የሚያነቡትን ሴቶች አየ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆቡን አወለቀና ተቀመጠ።

እማማ ጌጤ ቀጣዩን ቃል በጣታቸው እየፈለጉ ነው።

“ከፈቱለት?” አለ ታምሩ፣ በሹክሹክታ።