ሁለተኛው ጉርሻ

በሩ ሲደበደብ አልጋነሽ ወንበር ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ሰሃን፣ በሌላው የኮርኒሱን አቡጀዴ ገልጣ ይዛለች። ከጨርቁ በላይ፣ አግዳሚው እንጨት ላይ የተጋደመው ልጇ ዓምደሚካኤል ለሰሃኑ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«አሰሳ ነው! ክፈቱ!»

የጨርቁን ጥግ በመርፌ ቁልፍ መልሳ ትይዘዋለች። ትወርዳለች። የልጇን ምሳ ባሏ ትሪ ላይ ትገለብጠዋለች፣ ወንበሩን በእግሯ ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች። ባሏ እምሩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል። ይይ፤ ለማንም አይናገርም። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ የመቀሱ ስም፣ ቀጥሎ የራሱ። አሁን ቃል የሚባል ነገር ካፉ አይወጣም። ቸርችል ጎዳና ላይ ግማሹን አራዳ ሱፍ ያለበሰ ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ናት።

ሐኪሙ ነግሯታል። «ሴል» ሲል እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ በዚህ ሰሞን ቃሉ የኅቡዕ ድርጅት ስለሚመስል ያስጠረጥራል።

«ጭንቅላት ውስጥ የሚያወሩ አሉ፣ የሚያጎርሱ አሉ» አላት። «የሚያወራው ለራሱ አይሆንም። አጠገቡ ያለው ነው የሚያጎርሰው፣ ቆሻሻውን የሚጠርግለት፣ የሚጠብቀው። የባለቤትዎ ሕመም ከሚያወሩት አልመጣም። ከጠባቂዎቹ ነው። ያለ ቅጥ በዙ። አሁን የሚጠብቁትን እያነቁት ነው።»

«ታዲያ እነሱን ማን ይያዛቸው?»

ሐኪሙ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።

በሩን ትከፍታለች። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ናቸው። ረጅሙን አታውቀውም፤ ጠብመንጃ አንግቷል። ሌላው ሽኩር ነው፣ የጎረቤቷ የሸሪፋ ልጅ። ሸሪፋ ራስ መኮንን ድልድይ ስትነግድ ስትውል እሱ ከዚህ ትሪ በልቶ ነው ያደገው። ሥጋ የተሠራ ቀን ብቻ ነበር ወደ ቤቱ የሚሸኙት። ዛሬ ጾም ነው፣ ሽሮ ነው።

«እትዬ አልጋነሽ» ይላል፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ስንት ናችሁ?» ይላል ረጅሙ።

«እኔና እሱ።»

«ልጅሽስ?»

«ከሄደ ቆየ። ካገኛችሁት ለኔም ንገሩኝ።»

ረጅሙ ቁምሳጥኑን ይከፍታል፣ አልጋው ሥር ያያል፣ የልብስ ስፌት መኪናውን ክዳን ሳይቀር ያነሳል።

«እዚያ ውስጥ ደሞ ማን ይገባል? ድመት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ሰብስቢ።»

ኮርኒሱን መሀሉ ላይ በጠብመንጃው አፈሙዝ ገፋ ያደርገዋል። አቧራ ይወርዳል። ዓይኑን እያሻሸ ይተወዋል። ጥጉ ጋ አልደረሰም።

«አባባ፣ ልጅዎ የት ነው?»

«አይመልስልህም ልጄ። ጭንቅላቱ ታሟል። ለሱም የምመልሰው እኔ ነኝ።»

እምሩ እጁን ወደ ትሪው ይሰዳል። ይቆርሳል፣ ይጠቀልላል። መርፌ ስትይዝ የኖረች እጅ፣ አሁንም አትንቀጠቀጥም። ጉርሻውን ያነሳዋል። ካፉ አለፈ። ካናቱ አለፈ። ወደ ኮርኒሱ ጥግ ይዘረጋዋል፣ መርፌ ቁልፉ ወዳለበት።

ለካ ያይ ኖሯል። በየቀኑ፣ ምሳ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ለሱ። ስሟን ረስቶ ይቺን ያዘ። ያስተማረችው እሷ ናት።

«ምን እያደረገ ነው?» ይላል ረጅሙ።

ለሁሉ የምትመልሰው አልጋነሽ የትሪውን ጠርዝ ትይዛለች።

ሽኩር ነው የተራመደው። አልጋው አጠገብ በርከክ ይላል፣ የእምሩን ክንድ ይዞ ዝቅ ያደርጋል፣ አፉን ከፍቶ ይጎርሳል።

«ለኔ ነው» ይላል አፉ እንደሞላ። «ጋሼ ድሮም እንዲህ ነው። እጁን ሰቅሎ፣ ዝለልና ጉረስ ይለኝ ነበር።»

ውሸቱን ነው። እምሩ በእህል ሲቀለድ አይወድም ነበር።

«አዎ» ትላለች አልጋነሽ። «ሲያዘልላቸው ነው የኖረው።»

ረጅሙ ሁለቱን አፈራርቆ ያያል። ጠብመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው ያዞራል። «ተነሳ በቃ። ልትበላ ነው የመጣኸው? ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ገና እንዳለ ነው።» ወደ በሩ ይሄዳል።

ሽኩር እየዋጠ ይነሳል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከትልቅ ጉርሻም ሊሆን ይችላል።

እምሩ ግን አልጨረሰም። እዚህ ቤት አንድ ብቻ አጉርሶ መተው ነውር ነው። ይሄንንም አልረሳ። ይቆርሳል፣ ይጠቀልላል። ይሄኛው ተለቅ ያለ ነው። ያነሳዋል።

«እዚህ ነኝ ጋሼ» ይላል ሽኩር፣ ተመልሶ ይንበረከካል። አፉን ይከፍታል። «እዚህ… ወደዚህ።»

የእምሩ እጅ በሽኩር አፍ ጥግ አልፎ ይሄዳል። አልጋነሽ ክንዱን ትይዛለች፤ ይገፋታል። እንዲህ ያለ ጉልበት እንደቀረው አታውቅም ነበር። ከአልጋው ብድግ ብሎ፣ በእግሩ ጣት ቆሞ፣ ወደ ጥጉ ይንጠራራል።

በሩ ላይ የረጅሙ ኮቴ ይቆማል።

የሽሮው ዘይት በእምሩ ክንድ ላይ ወደ ብብቱ ይወርዳል። ጉርሻው እላይ ቆሟል፣ አፍ እየጠበቀ። ከጉርሻው በላይ አቡጀዴው በትንፋሽ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል።