ለከርሞ የሚሆነው

ቆማ የደረቀችውን ኦርኪድ ገና በጣቴ ስነካት ከነሥሯ ተነቅላ እጄ ላይ ትቀራለች።

"የጫካ አሳማ ነው" ይላል ወንድሜ ስቴርዮስ ከኋላዬ። "ዘንድሮማ የፒንዶስን ተራራ አረሱት እኮ! ነይ ላምብሪኒ፣ ሳሌፒሽ ይቀዘቅዝብሻል።"

ስቴርዮስ አፍልቶ ያመጣውን ትኩስ ሳሌፒ ከነፔርሙሱ ክዳን መሬት አስቀምጬ ሌሎቹንም እነካለሁ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ኦርኪድ ከአፈር በታች ሁለት እንክብል ሥር አላት፤ አንዱ የዘንድሮን አበባ የሚመግብ አሮጌ፣ ሌላው ለከርሞ የሚሆን ወጣት። አሮጌው ተጨማዶ አለ። ወጣቱ የለም።

የዚህችን ዓይነት ከዚህ ገደል ሌላ የትም አላየሁም። ዘመዶቿ ረግፈው ሲያልቁ ነው የምታብበው፤ ከንፈር የምንለው የአበባዋ የታችኛው ቅጠልም እንደነሱ ጸጉራም አይደለም። ዘሯን ዘርቼ ልጆቿ እሷን ከመሰሉ ራሷን የቻለች ዝርያ ትባል ነበር። አሁን ፍሬ ሳትቋጥር ደርቃለች። ቦታውን ከዕፅዋት ተመራማሪ ባልደረቦቼ እንኳ ደብቄ ያሳየሁት ለስቴርዮስ ብቻ ነው።

ድንጋዮቹን የማያቸው ይሄን ጊዜ ነው። በእያንዳንዷ ግንድ ሥር፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፎላታል። አባታችን ተፈጭቶ ሳሌፒ የሚፈላበትን ሥር ሲቆፍር ወጣቱን ሥር ወስዶ ተክሏን ይመልሳት፣ እንዳትወድቅም እንዲህ ያስደግፋት ነበር። ያስተማረው እኛን ሁለታችንን ነው።

"ስቴርዮስ፣ አሳማ ድንጋይ ያስደግፋል?"

ባርኔጣውን አውልቆ ያገላብጠዋል።

"መልሼ ተክያቸዋለሁ እኮ፣ እህቴ። ልክ እንደ አባባ።"

"አባባ አንድም ሳያስቀር ቆፍሮ ያውቃል?"

"እንግዲህ ምን ላድርግሽ! 'እንደሷ ያለ በዓለም የለም' እያልሽ ያስጎመጀሽኝ አንቺው ነሽ። ነጋዴውም ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሌላ ሰው ቢሆን እጮህበት ነበር፤ አሁን ግን ጎንበስ ብዬ የተነቀለችውን ወደ ጉድጓዷ እመልሳለሁ።

አለመጮኼን እንደ ይቅርታ ቆጥሮት መሰለኝ፣ ጠጋ ብሎ ትከሻዬን ይነካኛል።

"ደግሞ ሁሉንም አልሸጥኩም። ትንሽ አስፈጭቼ ላንቺ አስቀርቻለሁ።"

ክዳኑን አያለሁ። ከግማሽ በላይ ጠጥቼዋለሁ። ስንመጣ መኪናው ውስጥ ቀምሼው "ሳሌፒው ወፈር ማለቱ ልክ እንደ አባባ!" ብዬ የስቴርዮስን ጉንጭ ስሜ ነበር። የሳሌፒው ቀረፋ አሁንም ምላሴ ላይ አለ።