ሦስት ባዶ መንጠቆ

ካንሳስ የምትማረው የሕክምና ተማሪ ቴሳ ክሩዝ ሰሜን ሚኒሶታ ወዳለ አንድ የሐይቅ ዳር ሆስፒታል ለአራት ሳምንት ልምምድ የሄደችው ጥር ላይ ነው። ዘግይታለች። ተመራቂዎች ለሦስት ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚፈልጓቸውን ሆስፒታሎች በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፤ ሆስፒታሎችም የሚፈልጓቸውን ተማሪዎች እንዲሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዝርዝር ይዘጋና ኮምፒውተር ይደለድላል። ሰው ፊቱን ለማሳየት የሚሄደው በመስከረም ነው።

«በጥር?» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ጃኔል። «ቃለ መጠይቁ ኅዳር ላይ አልቋል እኮ! ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ዋጋ ልትጠይቂ ነው?»

«ዝርዝራቸውን ገና አልዘጉም።»

«በይ ጓንት እንዳትረሺ።»

ቴሳ የወታደር ልጅ ናት። አሥራ አንድ ትምህርት ቤት ቀያይራለች። ቃለ መጠይቁ የተደረገው በቪዲዮ ነበር። ከሐኪሞቹ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ የባለቤቶቹ ስም የተጻፈባቸው የሸክላ ኩባያዎች ተሰቅለው አየች። በዚያው ቀን ሆስፒታሉን ዝርዝሯ ላይ አንደኛ አደረገችው።

ኩባያዎቹ ያሉት ሬዚደንት በሚባሉት ሠልጣኝ ሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ነው። አሥራ ሁለት መንጠቆ አለ፤ ዘጠኙ ተይዟል፣ ሦስቱ ባዶ ነው። ቴሳ በወረቀት ኩባያ ትጠጣ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር። ኬለብ የሚባለው የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ከመኪናዋ መስታወት ላይ በረዶ እንዴት እንደምትፍቅ አሳያት።

«ካንሳስ ውስጥ በረዶ በዜና ነው የምታዩት?»

«እናንተስ ፀሐይን?»

ሳቀ። ምሳ አንድ ላይ በሉ።

ዓርብ ዕለት ግን ቴሳ ለጠዋቱ የሕሙማን ጉብኝት አርባ ደቂቃ ዘገየች። አንድ የልብ ሕመምተኛ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የመድኃኒቱን ወረቀት የሚያነብላቸው ሰው እንደሌለ ሲነግሯት መነሳት አልቻለችም። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አሆ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ።

«አርባ ደቂቃ» አሉ።

«ዶክተር፣ እኔ...»

እጃቸውን አንስተው አስቆሟት፤ ከኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ።

ሰኞ ዕለት የማቀዝቀዣው በር ላይ አዳዲስ ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር፦ በረዶ ጠራጊው የሚያልፍበት ሰዓት፣ እስከ መጋቢት ድረስ ስለ ድልድሉ ከእጩዎች ጋር ማውራትም ሆነ ፍንጭ መስጠት ክልክል መሆኑን የሚያስታውስ የዶክተር አሆ ጽሑፍ፣ ወድቆ ስለተገኘ የግራ እጅ ጓንት የሚናገር ማስታወቂያ። ጓንቱ የቴሳ ነበር። ወረቀቱን ነቅላ ልትፈልገው ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ሁልጊዜ ሞልቶ ይጠብቃታል።

«ስብሰባ ላይ ነን» አላት ኬለብ አንድ ቀን፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

ሌላ ቀን የወረቀት ኩባያ ሲያልቅ ከመንጠቆ አንዱን ልታወርድ ስትል እጁን ዘርግቶ ቀደማት።

«እሱ የሰው ነው። ወረቀቶቹ በጎን ባለው ክፍል መሳቢያ ውስጥ አሉ።»

መሳቢያው ያለበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ ጠጣች። በመስኮቱ የሚታየው ሐይቁ ብቻ ነው፤ እሱም ነጭ ነው።

የቢሮው ጉዳይ አስፈጻሚ ዶሪን ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ደረቅ ጭቃ አይጠፋም፤ ኮምፒውተር አያምኑም። በሦስተኛው ሳምንት ኮሪደር ላይ አስቆሟት።

«ስሚ፣ የአባትሽ ስም በ‘ሲ’ ነው በ‘ኬ’ የሚጻፈው?»

ማመልከቻዋን እንኳ አልከፈቱትም ማለት ነው።

«በ‘ኬ’ ነው።»

ዶሪን ብዕር የያዘችበትን እጇን አዩ። «ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አዎ። ችግር አለው?»

«ለእኔ ሥራ ያበዛል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻው ቀን ሊሸኛት የወጣ ሰው አልነበረም። ዶክተር አሆ ብቻ በር ላይ አግኝተው ጨበጧት። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«መንገዱ ያንሸራትታል። ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ሐይቁ ዳር መኪናዋን አቁማ ለጃኔል ደወለች።

«ክፉ ነገር ተናገሩሽ?»

«ክፉማ ቢናገሩኝ ጥሩ ነበር። ከነጭራሹ አላዩኝም።»

«ቢሆንም አንደኛነቱን አትንኪው። ኮምፒውተሩ እንደሆነ አይቀየም፤ ካልፈለጉሽ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።»

«ሦስት ዓመት ብቻዬን ምሳ የምበላው እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ አይደለም።»

ስልኩን ዘግታ ዝርዝሯን ከፈተች። የመጀመሪያውን መስመር አጠፋች። ሁለተኛ የነበረው የኦማሃ ሆስፒታል አንደኛ ሆነ። ጓንቷን አድርጋ ሞተር አስነሳች።

በመጋቢት አንድ ዓርብ ኦማሃ ደረሳት፤ ዘጠና ሬዚደንት ያለበት ትልቅ ሆስፒታል። ትምህርት ቤቷ በላከው መጠይቅ ላይ «ዘግይተሽ ያደረግሽው ልምምድ ለድልድሉ ረድቶሻል?» ለሚለው ጥያቄ «አልረዳኝም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

በዚያው ዓርብ ሐይቁ ዳር ያለው ሆስፒታል የሦስት ሰው ስም ደረሰው። ኬለብ ጮክ ብሎ አነበበው። ሦስተኛው ማንም ያልጠበቀው የአዮዋ ልጅ ነበር። ኬለብ የጠበቀውን ስም ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው።

«ዶሪን፣ ኩባያዎቹን ከሸክላ ምድጃው አውጥተዋቸዋል እንዴ?»

ዶሪን ከጠረጴዛቸው ሥር ካርቶን ስበው ሁለት አዳዲስ ኩባያ አወጡና ለሐምሌ እንዲቆዩ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ።

ካርቶኑ ውስጥ የቀረው አንድ ኩባያ ስሙ በ‘ኬ’ ይጀምራል፤ ጽሑፉም ለጠጪው የሚታየው ጆሮው በግራ እጅ ሲያዝ ብቻ ነው።