የቆፋሪ ተራ

«ልቀቅ፣ ሐቢብ።»

አልለቅም። የዶማውን እጀታ አያ ሀሚዱ ከላይ ይዘዋል፣ እኔ ከታች ይዣለሁ። የቅሬያችን፣ የቀብር እድራችን ዳኛ እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሲሞት ማን እንደሚቆፍር፣ ማን ድንጋይ እንደሚያመጣ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። ለእኔ የመደቡልኝ ቢጫ ጀሪካን ነው።

«ውሃ አቀብል አልኩህ። ምን ጎደለብህ?»

«ውሃ ማቀበል የልጅ ሥራ ነው። የቁፋሮው ተራ የኛ ሰፈር ነው። ከሰፈሩ ጎልማሳ ያልቆፈረ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ኧረ በአላህ! ጀናዛ እየታጠበ ነው፤ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ጉድጓዱ መድረስ አለበት። አሁን ክርክር ነው?»

ሰዉ መቃብር ቦታው ላይ ዙሪያችንን ቆሟል። ቅድም እነዚሁ ሰዎች ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር። የጤና ባለሙያዋ ሰሚሃ ስለ አእምሮ ሕመም ስታስተምር፣ «መድኃኒቱን የተከታተለ ሰው እንደማንኛችንም ይሠራል» ስትል፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ከዚያ እኔን አስነሣችኝ። ከጅዳ ታምሜ እንደመጣሁ፣ የሌለ ድምፅ እሰማ እንደነበር፣ አሁን በየወሩ ሐይቅ ከተማ ወርጄ መርፌዬን እየተወጋሁ ደህና እንደሆንኩ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። አያ ሀሚዱ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። «ከእንግዲህ ሐቢብ ከሰው ይቆጠር» አሉ፤ ግቢው በሙሉ አሚን አለ። አሚኑ ሳይበርድ የአያ ኑርሁሴን መርዶ መጣ።

«ትምህርቱን የሰማችሁ መስሎኝ ነበር» እላለሁ።

«ሰማን እንጂ!» ይላል ጎረቤቴ ኑርዬ። ሰሚሃ ያደለችውን ወረቀት አጥፎ ፊቱን ያራግብበታል። «ትምህርት ሌላ፣ ዶማ ሌላ።»

ይሳቃል። ሳቁ መሀል አንዱ ከኋላ ቀስ ብሎ፣ «ደግሞ የማን ቀብር እንደሆነ አትርሱ» ይላል።

ሳቁ ይቆማል። ያልተነገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታምሜ የጮህኩ ጊዜ ከቤታችን ምሰሶ ጋር ያሰሩኝ አያ ኑርሁሴን ናቸው። ልጃቸው ሙስዓብ እዚህ አለ። አባቱ ከእናቱ ጎን እንዲቀበሩ ቦታውን ሊያሳይ መጥቶ፣ መቃብሯ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ደሜ ይፈላል። የሕመም አይደለም፤ የማንም ሰው ንዴት ነው።

«ቂሜን ነው የፈራችሁት? ያሰሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው? አንተ ኑርዬ፣ እግሬ ላይ ተቀምጠህ አልነበር? ገመዱስ፣ አያ ሀሚዱ፣ የአንቱ የበሬ ገመድ አይደለም? አያ ኑርሁሴን የተጠሩት ቋጠሮ ስለሚችሉ ነው። እኔ ቂም ብይዝ ኖሮ የሁላችሁንም ጉድጓድ ስቆፍር እከርም ነበር!»

«አስተግፊሩላህ!» ይላል አንድ ሽማግሌ። አንድ ጎረምሳ ሳቁ ያመልጠውና በጋቢው አፉን ይይዛል።

የአያ ሀሚዱ እጅ ይላላል። ፈቅደው ይሁን ደንግጠው አላውቅም። ዶማውን እወስዳለሁ።

«ከቅሬው ካወጣችሁኝ በአደባባይ አውጡኝ። እኔም ስሞት አትምጡ፣ አልቀየማችሁም። አባል ከሆንኩ ግን ተራዬ ነው።»

ከሙስዓብ እናት መቃብር ጎን እቆምና መሬቱን እመታለሁ። ደረቅ ነው፣ ድንጋይ አለበት። ደጋግሜ እመታለሁ።

ጉድጓድ የሚቆፈረው ለሁለት ነው፤ አንዱ በዶማ ይፈነቅላል፣ አንዱ በአካፋ ያወጣል። ማንም አይመጣም። የፈነቀልኩት አፈር እግሬ ሥር ይከመራል። ዶማውን አስቀምጬ በእጄ እዝቃለሁ፤ ደግሞ ዶማውን አነሣለሁ። ከታች ሐይቁ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ያኔ ከዚያ ውሃ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ነበር። ዛሬ ጆሮዬን ብሰጥም የሚጠራኝ የለም። የምሰማው ዶማዬን ብቻ ነው።

«አብሽር፣ በቃህ ሐቢብ» ይላሉ አያ ሀሚዱ፤ ድምፃቸው ለስልሷል። «ቆፍረሃል፤ አይተንልሃል። አሁን ውጣና ሌሎቹ ይጨርሱት።»

«ጉድጓዱ ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም።»

«ለአስር አይደርስማ!»

«ሰው አስገቡና ይድረስ።»

አንዱ አንዱን ያያል። ኑርዬ ወረቀቱን ማራገብ ትቶ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ አካፋው ሲነሣ እሰማለሁ፤ ብረቱ ድንጋይ ይነካል።

«ኧረ አንተማ ሐዘንተኛ ነህ! ተቀመጥ እንጂ!» ይላሉ አያ ሀሚዱ።

ሙስዓብ አካፋውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይጠጋል። ኮቱን አውልቆ ለኑርዬ ይሰጠዋል፤ ይወርዳል። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ትከሻው ትከሻዬን ይነካል። ዓይኖቹ በለቅሶ ቀልተዋል። እኔን አያይም፤ በስንዝሩ ወርዱን ይለካል።

«በዚህ በኩል ሰፋ አድርገው» ይለኛል። «አባዬ ትከሻው ሰፊ ነው።»

«እሺ።»

ዞሮ ጀርባውን ይሰጠኛል። አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰክቶ ጎንበስ ይላል። ኮፊያው ወደፊት ይንሸራተታል፤ ማጅራቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ሙስዓብ፣ ጀርባህን ጠብቅ!» ብሎ ይጣራል አንዱ ከላይ።

አይዞርም። ዶማዬን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ እሱ ባሳየኝ በኩል ጉድጓዱን አሰፋለሁ።