ነፋስ እንዳይመታት

መሮውን ሰድሩ ላይ ደግፌ መዶሻውን ሳነሳ፣ በሩ ላይ በክራንች የቆመችው መምህርት ፊቷን ታዞራለች። ይሄ ግድግዳ ከፈረሰ ጃኩዚው ቢያንስ ለአንድ ወር አይሠራም። ከደረጃ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ የሚወስዳት ሞቅ ያለው ውሃ ጀርባዋን ሲያሻት ብቻ ነው። ገንዳውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔው ሳይሆን አይቀርም።

«ሌላ መላ የለውም ወንድሜ?»

«ቢኖረውማ ይሄን አላነሳም ነበር።»

ከጠዋት ጀምሮ ያልፈተሽኩት ነገር የለም። ፓምፑ ጤነኛ ነው። ማጣሪያውን አጥቤያለሁ፤ የውሃ መርጫዎቹንም አንድ በአንድ ፈትቼ ጠርጌያለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ውሃው እያዛጋ ነው የሚወጣው፤ አረፋ የሚባል የለውም። አየር አጥሮታል። ግድግዳው ውስጥ ያለውን የአየር ቱቦ ስገጣጥም ማጣበቂያው ወደ ውስጥ ፈስሶ ደፍኖት ይሆናል እያልኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው ያረፈድኩት።

እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ እግራቸው ላይ ግራጫ ካልሲ አለ፣ ሌላው ላይ ቡናማ። ዕድሜ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«ልጄ፣ አየር አየር የምትለው የቱን ነው?»

«እማማ፣ ከእጅ መታጠቢያው ስር አንድ ቱቦ አለ። አየር ይስባል። ውሃውን ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው።»

«እኔ እኮ...» ይሉና ይተዉታል።

ጀምረው መተዋቸው አላማረኝም። መዶሻውን አስቀምጬ የእጅ መታጠቢያውን ቁም ሳጥን እከፍታለሁ። የቱቦውን ጫፍ ማን ይነካዋል ብዬ በጨረፍታ ነበር ያየሁት። ጣቴን ስሰድ ለስላሳ ነገር ያገኘኛል። በፒንሳ ስጎትተው ግራጫ ካልሲ ይወጣል።

ሦስታችንም የእማማን እግር እናያለን። እሳቸውም ጭምር።

«ሲያፏጭ ሰማሁት» ይላሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «እጄን ባስጠጋው ነፋስ ነው። ይሄን የታመመ ወገቧን ሊመታት ነው ብዬ ወተፍኩት።»

ፓምፑን አስነሳለሁ። ገንዳው አንዴ ያስላል፤ ከዚያ ከሁሉም ቀዳዳ ነጭ አረፋ ይገነፍላል። እፎይ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ።

መምህርቷ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። «እማዬ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል» ትላለች፤ ሳቋን ግን አላቆመችም። ገንዳውን ከገጠምኩላት ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

መሮዬን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ እማማ ተነስተው ወደ ተከፈተው መስኮት ይሄዳሉ። መዝጊያውን ይይዙና ያመነታሉ፤ ዞረው እኔን ያያሉ።

«ይሄንንስ ልተወው?»

«እሱን ይዝጉት እማማ» እላለሁ። «ነፋስ እንዳይመታት።»